የእጅ ልክና የሚዛን ልክ፤ በቤት ስለሚጠመቅ ቢራ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ጠላ በመጥመቅ ወደ ታወቀች አንዲት ባልቴት ዘንድ ሄደን፣ «ለአንድ ጋን ጠላ ስንት ጌሾ ይበቃል?» ብለን ብንጠይቃት፣ የምታሳየን እጅዋን ነው። «እንዲህ አድርጌ ሁለት እፍኝ፣ ከዚያም ጥቂት ጣል አደርግበታለሁ» ትለናለች። «ስንት ግራም ይሆናል?» ያልናት እንደ ሆነ ግን ትስቅብናለች። ሆኖም የዚህች ሴት ጠላ ከዓመት እስከ ዓመት ጣዕሙን አይለውጥም። ያለ ልክ የተሠራ ነገር እንዲህ ሊጸና አይችልምና ልክ እንዳላት የታወቀ ነው። ልኩም ያለው በእጅዋ ላይ ነው። የእጅ ልክ ችግሩ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ማለፉ ነው።

ዛሬ የምናገረው በሌላ አገር በቤት ስለሚጠመቅ ቢራ ነው፤ ይኸውም «ፔል ኤል» ስለሚባለው ፈካ ያለ ቢራ፣ መራራነቱም ለዘብ ብሎ መዓዛው ፍሬ ፍሬ ስለሚል ስለ አንድ የሆፕ ዓይነት ነው። ነገሩ የባዕድ ቢመስልም መጨረሻው ወደዚያው ወደ ባልቴቲቱ እጅ ይመልሰናልና በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሆፕ ምንድን ነው? ሆፕ በእንጨትና በገመድ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። ሥሩ በምድር ውስጥ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ሐረጉ ግን በየዓመቱ ደርቆ በየዓመቱ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ተክሉ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለቢራ የሚፈለገው ግን የሴቴው አበባ ብቻ ነው። ይህም አበባ አረንጓዴ ሆኖ ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበ ነው፤ ገለጥ ሲያደርጉት በውስጡ ቢጫ ዱቄት ይታያል። የሆፕ ሀብት ሁሉ ያለው በዚህ ዱቄት ውስጥ ነው። በዱቄቱም ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው ምሬት የሚሰጠው ሙጫ ሲሆን፣ ሁለተኛው መዓዛ የሚሰጠው ዘይት ነው።

ሆፕ ደኅና አድርጎ እንዲያብብ የበጋው ቀን ረጅም መሆን አለበት። ስለዚህም በተለይ ከምድር ወገብ በ35ኛውና በ55ኛው ዲግሪ መካከል ባሉ አገሮች ይበቅላል። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን በሚቃረብበት በእኛ አገር ግን ይህ ሹመት ከጥንት የተሰጠው ለጌሾ ነው። ሆፕና ጌሾ ከአንድ ቤተሰብ አይደሉም፤ ሥራቸው ግን ይመሳሰላል። ሁለቱም የብቅሉን ጣፋጭነት በምሬታቸው ይገራሉ።

ሆፕ መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ በአውሮፓ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቢንገኗ ሂልደጋርድ የተባለች ጀርመናዊት እመ ምኔት በ12ኛው መቶ ዓመት ይህን ጽፋ አስቀምጣለች። በ1516 ደግሞ የባቫርያ ገዢዎች ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት በአዋጅ ወሰኑ።

«ፔል ኤል» የሚለውም ስም የመጣው ከብቅሉ መልክ ነው። በቀድሞ ዘመን ብቅል የሚደርቀው በእንጨት እሳት ስለ ነበረ ይጠቁርና ጭስ ጭስ ይል ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ጭሱ በወጣለት የድንጋይ ከሰል ማድረቅ በተጀመረ ጊዜ፣ ብቅሉም ከእርሱ የሚገኘው ቢራም ፈካ አለ። ዛሬ የምንናገርለት ቢራ የዚያ ተወላጅ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ዋና ክፍል እገባለሁ፤ ይኸውም በቤት የመጥመቅ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን በቤት ቢራ ለመጥመቅ የመንግሥት ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነበረ፤ ይህ ግዴታ የቀረው በ1963 ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ ከ1920 እስከ 1933 አልኮል ያለበትን መጠጥ መሥራትና መሸጥ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ሲነሣ ሰው በቤቱ ወይን እንዲጠምቅ ተፈቀደለት፤ ቢራ ግን ከፈቃዱ ሳይገባ ቀረ። ስለዚህ ከ40 ዓመት በላይ አንድ ሰው በጓዳው አንድ ድስት ቢራ ቢጠምቅ ሕግ እንደ ጣሰ ይቆጠር ነበር። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በኦክቶበር ወር 1978 አዲስ ሕግ ፈረሙ፤ ሕጉም ከፌብሩዋሪ 1979 ጀምሮ ጸና። በዚህም ሕግ መሠረት አንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ብቻ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከሁለት በላይ ያሉበት ቤት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን፣ ማለት 757 ሊትር ያህል፣ ለራሱ እንጂ ለሽያጭ ሳይሆን ለመጥመቅ ተፈቀደለት። ከክፍለ ግዛቶቹ አንዳንዶቹ ግን የራሳቸውን ክልከላ አጽንተው ቆይተዋል፤ የመጨረሻዎቹ አላባማና ሚሲሲፒ በቤት መጥመቅን የፈቀዱት ገና በ2013 ነው።

ፈቃዱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለቤት ጠማቂው የሚስማማው ሆፕ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። በኦሪጎን ክፍለ ግዛት በኮርቫሊስ ከተማ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ1956 የእንግሊዝን «ፈግል» የተባለ ሆፕ ከሌሎች፣ ከእነዚህም መካከል ከሩስያ ከመጣ ዘር ጋር በማዳቀል አንድ ችግኝ አገኙ። ችግኙን 16 ዓመት ያህል እየፈተኑ ከቆዩ በኋላ በ1972 ለገበሬ አከፋፈሉት፤ ስሙንም በአካባቢው ባሉት ተራሮች ስም «ካስኬድ» አሉት። የዚህ ሆፕ ምሬት መካከለኛ ነው፤ መዓዛው ግን አበባ አበባና የብርቱካን ዘመድ የሆነውን ግሬፕፍሩትን ግሬፕፍሩት ይላል። በኋላ ብዙ ፍሬያማ የሆፕ ዓይነቶች ቢመጡም፣ የአሜሪካኑን ፔል ኤል ጣዕም የወሰነው ካስኬድ ነው።

ኬን ግሮስማን የተባለ ወጣት በካሊፎርንያ በቺኮ ከተማ በ1976 ለቤት ጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ከጓደኛው ከፖል ካሙሲ ጋርም የወተት ሥራ ዕቃዎችን እየሰበሰበና እየበየደ የራሱን ጠመቃ ቤት ሠራ፤ በ1980ም «ሴራ ኔቫዳ» የተባለውን ድርጅት ሥራ አስጀመረ። የፔል ኤላቸው መዓዛ ከካስኬድ የሚገኝ ነበር። ለታሪኩ ዋጋ የሚሰጠው ግን የሚከተለው ነው፤ የመጀመሪያዎቹን የፔል ኤል ጥምቆች፣ አንዱ ከሌላው ጋር በትክክል አልተስማማም በማለት ደጋግመው ደፍተዋቸዋል። አንድ ጊዜ ደኅና ቢራ ማውጣት ዕድል ነው፤ ያንኑ ቢራ ሁለተኛ ጊዜ ማውጣት ግን ዕውቀት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ አገር የቀሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከ100 ያነሱ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ትንንሾቹ ጭምር ከ9000 በላይ ሆነዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹን ያቋቋሙት በጓዳቸው ድስትና ደብተር ይዘው የጀመሩ ሰዎች ናቸው።

አጠማመቁስ እንዴት ነው? 20 ሊትር ቢራ ለማውጣት 4 ኪሎ ተኩል ያህል ነጭ የገብስ ብቅል ያስፈልጋል። ብቅሉ ክክ ይደረጋል እንጂ እንደ ዱቄት አይልምም፤ ገለባው በኋላ እንደ ማጥለያ ሆኖ ያገለግላልና። ክኩ ከሙቅ ውሃ ጋር ተደባልቆ በ66 ወይም በ67 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ከዚያ ተጠልሎ፣ ገለባውም በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ የተገኘው ጣፋጭ ውሃ በትልቅ ድስት ተጥዶ አንድ ሰዓት ይፈላል።

ሆፕ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምሬት የሚሰጠው ሙጫ በፈላ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ካልተለወጠ በቀር ምሬቱን አይሰጥም። መዓዛ የሚሰጠው ዘይት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በፈላ ቁጥር ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ ይጠፋል። ስለዚህ ያው አንዱ ሆፕ መጀመሪያ ቢገባ ምሬት፣ መጨረሻ ቢገባ መዓዛ ይሆናል። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ከካስኬድ 30 ግራም መፍላት ሲጀምር፣ 30 ግራም ሊወርድ 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ 30 ግራም ደግሞ እሳቱ እንደ ጠፋ ይጨመራል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ሰዓቱ ራሱ እንደ ሚዛን ይቆጠራል።

ከእሳት የወረደው ድስት ቶሎ ወደ 20 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ከዚህ በኋላ ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ በሚገባ የጸዳ ይሁን፤ እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አሽተው በወይራ የሚያጥኑት በከንቱ አይደለም። ከዚያ አንድ 11 ግራም ደረቅ የኤል እርሾ ይጨመርና ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ቦታ ሳምንት ወይም 10 ቀን ይቀመጣል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ሲጨርስ፣ ለሊትሩ 6 ግራም ስኳር ተጨምሮ በጠርሙስ ይታሸጋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይቀመሳል። የአልኮሉ መጠን በመቶ 5 ያህል ነው። ሳይጨርስ የታሸገ እንደ ሆነ ግን ጠርሙሱ ሊፈነዳ ስለሚችል ጥድፊያ አደገኛ ነው። ውሻ ያለው ሰውም የሆፑን አተላ በግቢ እንዳይደፋ ይጠንቀቅ፤ ሆፕ ለውሻ መርዝ ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ በሻንጣው ካስኬድና እርሾ አመጣልኝ። እኔም ብቅሉን ከገበያ ገዝቼ፣ መጽሐፉ ያዘዘውን ቃል በቃል ፈጸምኩ። በተቀጠረው ቀን የመጀመሪያውን ብርጭቆ የቀዳሁት ጠላ በመጥመቅ ለታወቁት ለአክስቴ ነበር። ቀመስ አደረጉና ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ልጄ፤ ይህ ጌሾ ሳያገኘው የቀረ ጠላ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መዓዛው ያማረ፣ ጣዕሙ ግን ጣፋጭና ልፍስፍስ ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ያን ዕለት ሁሉን ነገር በደብተር ጽፌ ስለ ነበረ ብቻ ነው። ግራሙን አየሁ፤ ልክ ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ ልክ ነው። ከሰዓቱ አጠገብ ግን ድስቱ ሲንተከተክ የተነበበውን ሙቀት ጽፌ ነበር፤ 92 ዲግሪ ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና ውሃዋ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሆፕ ሙጫ በዚህ ሙቀት የሚለወጥበት ፍጥነት በ100 ዲግሪ ከሚለወጥበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። የኔ ድስት አንድ ሰዓት ፈልቶ የባሕር ዳርቻውን ድስት ያህል ምሬት ሊያወጣ አልቻለም ማለት ነው። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል አፈላሁት፤ የመጀመሪያውንም 30 ግራም ወደ 45 ከፍ አደረግሁት። አክስቴም ብርጭቆውን ጨረሱት። በነገሩ የተማርኩት ይህ ነው፤ የሰውን ልክ እንዳለ መገልበጥ ልክ ማወቅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የባዕዱን ሆፕ እስከ ግራሙ ስመዘግብ፣ የእኚህን ሴት ጌሾ አንድ ቀን እንኳ ጽፌው አላውቅም። ስለዚህ ለሦስት በዓላት፣ ማለት ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ሚዛኔን ይዤ እቤታቸው ሄድኩ። ጌሾውን ከመጨመራቸው በፊት እፍኛቸውን በሚዛኑ ላይ እንዲያፈሱልኝ ለመንኳቸው። «ጌሾ ደግሞ እንደ ወርቅ ይመዘናል?» እያሉ እየሳቁ ፈቀዱልኝ።

የእንቁጣጣሹንና የገናውን ሳስተያይ የገናው በሩብ ያህል በልጦ አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር፣ «እጅ አይታመንም» ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ጠላው በደረሰ ጊዜ ግን ጣዕሙ ያው ሆነ። ነገሩ ግራ ቢገባኝ፣ «እትዬ፤ ለገና ጌሾውን ለምን አበዙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አላበዛሁትም» አሉኝ። «ለእንቁጣጣሽ የገዛሁት አዲስ ቅጠል ነበር። የገናው ግን የከረመ ነው፤ አኝኬ ባየው ኃይሉ ደክሟል። ለደከመ ሰው ረዳት ይጨመርለት የለም?»

ይህን በሰማሁ ጊዜ የሆፑ ከረጢት ትዝ አለኝ። በከረጢቱ ላይ ከክብደቱ ሌላ አንድ ቁጥር ታትሟል፤ ይኸውም በሆፑ ውስጥ ያለው የምሬት ሙጫ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ የሚገልጽ ነው። ካስኬድ እንደ አዝመራው ከመቶ 4 ተኩል እስከ 7 ሊደርስ ይችላል፤ ሲከርምም ይቀንሳል። ዐዋቂ ጠማቂ ስለዚህ በክብደቱ ብቻ አይመራም፤ ክብደቱን ከኃይሉ ጋር ያሰላል፤ ኃይሉ ካነሰ ክብደቱን ይጨምራል። አክስቴ ያደረጉት ይህንኑ ስሌት ነው። ላቦራቶሪያቸው ምላሳቸው፣ ሚዛናቸው እፍኛቸው ነበር። ስሕተቱ የነበረው እኔ ዘንድ ነው፤ ግራሙን ብቻ ጽፌ ልኩን የጻፍሁ መስሎኝ ነበርና። የፋሲካውን ስመዝን ግን ከክብደቱ አጠገብ፣ «ቅጠሉ አዲስ፤ ምሬቱ ብርቱ» የሚል ቃል ጨመርኩበት።

የአገራችን ሊቃውንት ስለ ጌሾ የደከሙበት ሥራ አለ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና የሥራ ባልደረባቸው በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከጌሾ ቅጠል ምሬት ሰጪውን ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል። ላቦራቶሪው የራሱን ድርሻ ጀምሯል ማለት ነው። የጓዳው ድርሻ፣ ማለት ስንት፣ መቼ፣ ምን ዓይነት ቅጠል፣ በምን ያህል ውሃ፣ ስንት ቀን የሚለው ግን በየቤቱ በየእናቱ እጅ እንደ ተዘጋ ይገኛል።

በየመሥሪያ ቤቱ ለምትገኙ ወንድሞቼና እኅቶቼ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተነሣ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ጉዳይ በመዝገብ የምናሰፍር፣ ቁጥርና ቀን የሌለውን ደብዳቤ የማንቀበል ሰዎች ነን። በቤታችን ያለው ዕውቀት ግን ቁጥርም ቀንም የለውም። በሚመጣው በዓል እናታችን ወይም አክስታችን ሲጠነስሱ አንድ ደብተር ይዘን አጠገባቸው እንቀመጥ። ክብደቱን እንጻፍ፤ ዳሩ ግን በክብደቱ ብቻ አናብቃ። ቅጠሉ አዲስ ነው ወይስ የከረመ? ሲታኘክ እንዴት ነው? አሻሮው ምን ያህል ጠቆረ? አየሩ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቃት? «ለምን ጨመሩ? ለምን ቀነሱ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ዘወትር አለ፤ የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ብቻ ሳይነገር ኖሯል።

ይህን ስል መጠጥ እንዲበዛ መምከሬ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። ልክ ያለው ጠማቂ ልክ ያለው ጠጪም ሊሆን ይገባዋል። አንድ ብርጭቆ ከወዳጅ ጋር ማዕድ ያደምቃል፤ ከልክ ያለፈው ግን ጤናንና የነገን ሥራ ይበላል። መኪና የሚነዳ ሰው ፈጽሞ አይቅመስ።

አክስቴ ዛሬም ይጠምቃሉ። ደብተሩም እዚያው ጓዳቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ጊዜ የልጅ ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ስትጠነስስ፣ አንድ ዓይኗ በደብተሩ፣ አንድ ዓይኗ በአያቷ ላይ ነበረ። ጌሾውን መዝና ልትጨምር ስትል አያቷ እጅዋን ያዙና፣ «መጀመሪያ አኝኪው» አሏት። እርሷም አኝካ ፊቷን አጨፈገገች፤ ከመዘነችውም ላይ ጥቂት ቆንጥራ መለሰች። ይህንም በደብተሩ ጻፈችው።